ሺታልን ማን ይሸከመው?

እናት አገር የሚባል ነገር እንዳለ የሰማሁት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የማውቀው ረግረጉን፣ ሩዙን፣ በክረምት ደጃችን ድረስ የሚመጣውን ውሃና የመሬቱን ጌታ ነበር። እንግሊዝንም ቢሆን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም። አንድ ጊዜ ብቻ ዳኛ ነው የተባለ ቀይ ሰው በጀልባ ሲያልፍ አይቻለሁ፤ ፀሐዩ ፊቱን ልጦት ነበር። ስለዚህ ኒባራን ባቡ ከከተማ መጥቶ መንደራችን መሃል ቆመና «እናታችንን ለሁለት ቆረጧት» ብሎ ሲያለቅስ፣ እኔ ሞኙ በገዛ እናቱ ላይ አደጋ የደረሰ መስሎኝ ከልቤ አዘንኩለት።

ኒባራን ባቡ ጠበቃ ነው፤ ባቡ የምንለው የተማረውን የከፍተኛ ዘር ሰው ነው። ብራህሚን ነው፣ ከዘር ሁሉ በላይ ከሚባለው ወገን፤ የዘሩ ምልክት የሆነው ነጭ ክር ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ጎኑ ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ ለእንግሊዞች በእንግሊዝኛ አቤቱታ ሲጽፍ ኖሯል። «ክቡርነትዎ» እያለ ለምኖ ለምኖ መልስ ሲያጣ፣ እናቴ የሚላትን አገራችንን ቤንጋልን ለሁለት በከፈሉበት ዓመት ብዕሩን ጣለና የእንግሊዝ ጨርቅ እናቃጥል ማለት ጀመረ። የወንድሙ ልጅ ደግሞ አቤቱታውም ጨርቁም የአሮጊት ሥራ ነው ብሎ ካልካታ ገብቶ ባሩድ ይቀምማል እየተባለ ይወራል። አገር መውደድ እንደ ዓሣ ወጥ ነው፤ በየቤቱ አሠራሩ ይለያያል። በእኛ ቤት ግን ምድጃው ገና አልተለኮሰም ነበር።

እኛ ናማሹድራ ነን፣ ከዘር ሁሉ በታች የተባልን። ባቡዎቹ ያረስነውን ሩዝ ይበላሉ፣ ያጠመድነውን ዓሣ ይበላሉ፣ በምንቀዝፈው ጀልባ ይሄዳሉ። ውሃ ግን ከእጃችን አይቀበሉም፤ በሕይወት ያለነውን ከነኩ ይታጠባሉ፣ የሞተውን ጭራሽ አይነኩም። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዝናብ ለምን ከላይ ወደ ታች ይዘንባል ብሎስ ማን ይጠይቃል? አሁን ግን ባቡው «ወንድሞቼ፣ የአንዲት እናት ልጆች ነን» ሲለን እርስ በርስ ተያየን። ሚስቴ ሞክሻዳ ምንጣፍ አነጠፈችለት። እሱም እግሬን ያመኛል፣ ብቆም ይሻለኛል ብሎ ንግግሩን በቁሙ ጨረሰ።

ጓደኛዬ ቶራብ ያን ዕለት አብሮኝ ነበር። ቶራብ እስላም ነው፤ ቤቱ ከቦዩ ማዶ ነው፣ በገበያ ቀን ጨርቅና ጨው ይሸጣል። ከልጅነታችን ጀምሮ እየተሰዳደብን አድገናል። ባቡው ጀልባው ላይ ሲወጣ ጠብቆ፣ «ኡማቻራን፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይቺ እናትህ ናት» አለኝ። ቀጥሎም ለእሷ ዘምር፣ ለእሷ እጅ ንሣ እንደሚሉት፣ እሱ ግን ከፈጣሪ በቀር ለማንም እንደማይሰግድ፣ ጨርቁንም የሚሸጠው ከእንግሊዝ ፍቅር ይዞት ሳይሆን ድሃ የሚችለው እሱን ስለሆነ መሆኑን እየተነጫነጨ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። ልጄ ሺታል ግን አልሳቀም።

ሺታል አንድያ ልጄ ነው። በሚስዮኖቹ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሯል። ረግረጉ ውስጥ ተወልዶ ዓይኑ ሁልጊዜ ከረግረጉ ማዶ ነበር። ወንድሜ ብሎ የጠራው የመጀመሪያው ባቡ ኒባራን ነው፣ ልጁም በዚያች ቃል ተያዘ። ዓሣ በመንጠቆ ሲያዝ እንኳ ትንሽ ይታገላል፤ የኔ ልጅ አልታገለም።

የመንደራችን ሽማግሌዎች በነገሩ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ጋጋን ብዙ አልተናገረም። ትናንት ደጃቸው ስንቆም ወደዚያ ፈቀቅ በሉ ይሉን የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ ሰው ሲያንሳቸው ወንድም አደረጉን አለ። ርካሹን ጨርቅ ትተን ውዱን የምንገዛው ለማን ብለን ነው አለ። ሁሉም ተስማማ፤ ከመንደሩ ማንም ኒባራን ባቡ ያቋቋመው ማኅበር እንዳይገባ ተወሰነ። «ማኅበሩን የመረጠ ሰው፣ በደስታውም በሐዘኑም ማኅበሩ ይድረስለት» ብሎ ጋጋን ቃሉን አሰረ። ሺታል ከኋላ ቆሞ ሰማው። በማግሥቱ ልብሱን ጠቅልሎ ከተማ ገባ።

አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። ሞክሻዳ ለበዓል ብላ ከቶራብ የገዛችለትን ነጭ አዲስ ሽርጥ ስታወጣለት፣ የእንግሊዝ ነው ብሎ ገፋው። እሱ የለበሰው ሻካራ የአገር ጨርቅ ነው፣ ቆዳውን ልጦታል። እናቱ ሽርጡን አጣጥፋ መልሳ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ያን ቀን ተናደድኩ።

«እዚያ የምትተኛው የት ነው?» አልኩት።

«በረንዳው ላይ።»

«እነሱስ?»

«ውስጥ። እኔ ነፋሱን ስለምወደው ነው አባዬ።»

«አንተ ጅል! ነፋስ እዚህ ጠፍቶ ነው?»

ቀስ ብሎ፣ «ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። አገሩ የኛ ሲሆን ውሃው ከማን እጅ መጣ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ኒባራን ባቡ በአፋቸው ነግረውኛል» አለኝ። እንደሱ የሚያምን ሰው ፊት መቆም ያስቸግራል። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ልክ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማኅበርተኞቹ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ሻጮቹ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተጋደሙ። ጨርቅ ሊገዛ የፈለገ ሰው ረግጧቸው ይለፍ ነው ነገሩ። ሺታል የተጋደመው ቶራብ ፊት ነበር። ቶራብም በላይ በላዩ እየተራመደ ሲስቅበትና ተነሥ አንተ ጎረምሳ፣ አባትህ ቢያይህ በመቅዘፊያው ይልህ ነበር ሲለው አረፈደ። ከዚያ ፖሊሶች ዱላ ይዘው መጡ። ሌሎቹ ልጆች የጠበቃና የሐኪም ልጆች ናቸው፤ ፖሊሱ ፊታቸውን ያውቃል፣ ስማቸውን ጻፈና ወደ ጣቢያ ነዳቸው። ሺታልን ስሙን የጠየቀው የለም። ጥቁር ነው፣ እግሩ የጭቃ እግር ነው፤ አናቱን በዱላ አሉት።

በጀልባው ጭኖ ያመጣልኝ ቶራብ ነው። ጨርቁን ሁሉ እዚያው ገበያ መሃል ጥሎ መጣ። መንገድ ላይ ልጁ አንዴ ዓይኑን ገልጦ «አጎቴ፣ እንዳትቀየመኝ» ብሎት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ቶራብ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ። ሺታል በማግሥቱ ረፋድ ላይ እናቱ ጭን ላይ አረፈ።

የሞተ ሰው በአዲስ ጨርቅ ነው የሚሸኘው። በቤታችን ውስጥ ያለው አዲስ ጨርቅ ደግሞ ያ የእንግሊዝ ሽርጥ ብቻ ነበር። ሞክሻዳ አወጣችና በዚያ ጠቀለለችው። በሕይወቱ እምቢ ያለውን በሞቱ እምቢ ሊላት አልቻለም። ከጨረሰች በኋላ አንገቱን አቅፋ ቆየችና ጠራችኝ።

«የሺታል አባት፣ ከዛሬ በኋላ ምንም አልለምንህም። እነዚያ ወንድማችን ነህ ያሉት ሰዎች ይሸከሙት። ካልተሸከሙት ልጄ የሞተው ለውሸት ነው። ይህን ይዤ መኖር አልችልም።»

እሺ አልኳት።

ማኅበርተኞቹ ከቀትር በፊት በጀልባ ደረሱ። ባንዲራ አላቸው፣ የአበባ ጉንጉን አላቸው፣ ቀንድ የሚነፋ ሰው አላቸው። ከኋላቸው ሕዝቡ በጀልባ በጀልባ ሆኖ ይጎርፋል፤ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ነው የተባለ መነጽራምም አብሮ መጥቷል። የእኛ ሰዎች ቀርከሃውን አስረው ቃሬዛውን አዘጋጅተዋል፣ ሺታልንም አስተኝተውበታል። ከዚያ ሁሉም ሄደው ከጋጋን ጋር ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ያን ስመለከት ምን እንዳሰቡ ገባኝ።

ኒባራን ባቡ ግቢያችን ጠርዝ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማልቀሱ የውሸት አልነበረም፣ ይህን ልመስክርለት። ቃሬዛውን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድም ኡማቻራን፣ ይሄ ጨርቅ እኮ የእንግሊዝ ነው።»

«አዎ ባቡ።»

«እንዲህ ሆኖ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ሊያልፍ አይችልም። ምን ይባላል? የአገር ጨርቅ ይዘናል፣ ቀይሩለት።»

ከቤት ውስጥ የሞክሻዳ ድምፅ መጣ። «እኔ አንዴ አልብሼዋለሁ። አሁን ወንድሞቹ ያልብሱት።»

ጨርቁን የያዘው ፓሬሽ የሚባል ተማሪ ነው፤ የሺታል እኩያ ነው፣ የኒባራን ባቡ የእኅት ልጅ ነው። ወደ ቃሬዛው ተጠጋ፣ አጎነበሰ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ። ወደ አጎቱ አየ። ከዚያ መረብ እንደሚጥል ሰው ጨርቁን ከላይ ለቀቀውና ሺታልን ሸፈነው። ከሥሩ የእንግሊዙ እንዳለ ነው። ኒባራን ባቡ ጥሩ ነው፣ ይበቃል አለ፤ አንሡትና እንሂድ፣ ፀሐዩ ከርሯል አለ። ማንም አልተነሣም።

ማኅበርተኞቹ የእኛን ሰዎች ያያሉ፣ የእኛ ሰዎች መሬት መሬቱን ያያሉ። ያኔ ነው ባቡው የገባው። ሲመጣ በሐሳቡ ዘመዶቹ ይሸከሙታል፣ እኛ ባንዲራ ይዘን ከፊት ከፊት እየዘመርን እንሄዳለን ብሎ ነው። ሌላ ነገር በአእምሮው ውልም አላለ። ጋጋን ከዛፉ ሥር ሳይነሣ፣ «ቃሉን የሰጠነው ቀድሞ ነው ባቡ። ልጁ የመረጠው እናንተን ነው። እናንተ ከፊት ከያዛችሁ እኛ ከኋላ እንይዛለን» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም።

ኒባራን ባቡ ወደኔ ጥቂት ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኡማቻራን፣ ልማዱን አንተም ታውቀዋለህ። እኔ ብቻዬን ብሆን ግድ የለኝም ነበር። ከነካሁት ነገ ቤቴ የሚበላ ሰው አይኖርም፣ ሴት ልጄን የሚያገባ አይገኝም፣ ማኅበሩም ይበተናል። ከፊት እየዘመርን እንሸኘዋለን። ይህን ያህል ክብር ማን አግኝቶ ያውቃል?»

«ክብሩን አልጠላሁትም ባቡ። ቃሬዛ ግን በክብር አይነሣም፣ በትከሻ ነው የሚነሣው።»

ለባቡ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። የልጄ እናት በሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማለች፤ ከጨርቋ ጫፍ በቀር አትታይም። ዝንብ መምጣት ጀምሯል፤ ቶራብ ከቃሬዛው ፈቀቅ ብሎ ቆሞ የሙዝ ቅጠል እያወዛወዘ ያባርራል። «እኔ ብቻዬን እሸከመው ነበር ኡማ» አለኝ። «እኔ እስላሙ ከነካሁት ግን እናንተም ባቡዎቹም ትሸሹታላችሁ።» እውነቱን ነው። ከሁሉም ይልቅ ልጄን የሚወደው ሰው ዝንብ ከማባረር አልፎ ሊጠጋው አልቻለም።

ፓሬሽ ድንገት ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰ ወደ ቃሬዛው ተራመደ። ኒባራን ባቡ ክንዱን ለቀም አድርጎ ያዘው፤ ልጁም እጁን ለማስለቀቅ ታገለ። ጀልባዎቹ ላይ ያለው ሕዝብ ይህን ሁሉ ያያል። መነጽራሙም ያያል። ባቡው ሕዝቡን አየ፣ ልጁን አየ፣ ቤታችንን አየ። ከዚያ የልጁን ክንድ ለቀቀና መደረቢያውን ከትከሻው ላይ አውልቆ ለሰው ሰጠ። ራቁት ትከሻውን ይዞ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ከፊት በቀኝ በኩል ቀርከሃውን ያዘ። ፓሬሽ በግራ ያዘ። እኔና ጋጋን ከኋላ ገባን። የአምላካችንን የሃሪን ስም ጠርተን አነሣነው።

ከቤት ውስጥ ሞክሻዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

መንገዱ ረጅም ነው፣ በሩዙ ማሳ ድንበር ድንበር ይሄዳል። ከኋላ ሆኜ የባቡውን ጀርባ አያለሁ። ሥራ የማያውቅ ትከሻ ነው፤ ቀርከሃው ቆዳውን አቀላው፣ ላቡ በነጩ ክር ላይ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ። ጋጋን ሰው እንተካለት ሲል እምቢ አለ። ሰዎቹ ይዘምራሉ፣ አበባ ይበትናሉ፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። በዚያች ሰዓት ወደድኩት፤ አልዋሽም። ይህ ሰው ዛሬ ለልጄ ሲል ቤቱን አፈረሰ ብዬ አሰብኩ። ሺታል ልክ ነበር፣ ጊዜ ነበር የሚያስፈልጋቸው፣ ልጄን ጅል ያልኩት ጅሉ እኔው ነኝ ብዬ አሰብኩ። ልጄን ለማቃጠል እየሄድኩ ደስታ የመሰለ ነገር ተሰማኝ።

ወንዙ ዳር ደርሰን አወረድነው። የእኛ ሰዎች እንጨቱን መደርደር ጀመሩ። ሕዝቡ እዚያ ተጨናንቆ ያያል። እኔ አባቱ በልማዳችን አፉ ላይ የማኖረውን እሳት ከማቀጣጠሌ በፊት ሬሳው ላይ የሚረጭ ውሃ በማሰሮ እንድቀዳ ተነገረኝ፣ በቁጥቋጦው ዞሬ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ኒባራን ባቡ እዚያ ነበር። ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ልማዱ ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ ሁሉም ሰው መታጠብ ነው፣ እኔም እታጠባለሁ። እሱ ግን እንጨቱ ሳይደረደር ነው የሚታጠበው። ትከሻውን በአሸዋ ይፈትገዋል፤ ቀርከሃው ያቀላው ቦታ ደም እስኪመስል ፈተገው። ብቅ ጥልቅ አለ፣ ከንፈሩ ጸሎት ያነበንባል። ከዚያ ሬሳ ነክቶ ረከሰ የሚለውን አሮጌ ክር ከአንገቱ አውልቆ ውሃው ላይ ጣለው። ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣና ፈታው፤ አዲስ ክር ነው። አጠለቀው።

ማሰሮዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አዲሱን ክር ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። እንግዲህ አላሰበውም ያልኩት ሰውዬ አስቦበታል፤ ምናልባት ልነካ እችላለሁ ብሎ ወጥቷል፣ ከነካሁም እታጠባለሁ ብሎ ወጥቷል። ዞር ሲል ተገጣጠምን። የሚያፍር ሰው መልክ እንኳ ባየሁበት፣ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከምግብ በፊት እጁን ሲታጠብ እንዳገኘሁት ሁሉ በሰላም አልፎኝ ወጣ።

ውሃዬን ቀድቼ ስመለስ ንግግሩን ጀምሯል። ከራሱ እስከ ደረቱ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ሕዝቡ ላብና እንባ መስሎታል። «ወንድማችን ሺታል» ይላል፤ «የአንዲት እናት ልጅ፣ የአንድ ደም ልጅ» ይላል። ሴት ወንዱ ይነፋረቃል። መነጽራሙ ይጽፋል። አፌ ላይ የመጣውን ነገር እግዜር ያውቀዋል። አንድ ቃል ብናገር ያ ሁሉ ሰው ይሰማኝ ነበር። ግን እሳቱ እጄ ላይ ይነድዳል፣ ልጄም ይጠብቀኛል። ዞርኩና ለኮስኩት። የላዩ የአገር ጨርቅ ቀድሞ ነደደ፣ ከዚያ የሥሩ የእንግሊዙ ነደደ፤ እሳቱ አላዳላም።

ቤት ስደርስ ሞክሻዳ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ብረት አስነካችኝ፣ እሳት አስነካችኝ፣ መራራውን ቅጠል አኘክሁ፤ ከማቃጠያው የመጣ ሰው ያን ሳያደርግ አይገባም። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ተሸከመው?» አለች።

«ተሸከመው።»

«በመሃል ጨርቅ ሳያስገባ?»

«በባዶ ትከሻው።»

«ወንዙ ድረስ? መንገድ ላይ ሰው አልተካም?»

«እንተካልዎት ብንለው እምቢ አለ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች መሬት ተቀመጠች። ፊቷ ሲፈታ አየሁት። «እንግዲያ እውነት ወንድማቸው ነበር» አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። ደግማ ደጋግማ አለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ካወረዳችሁት በኋላስ ባቡው ምን አደረገ?»

እኔ አፌን መያዝ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው።

«አለቀሰ» አልኳት።